አስታማሚውን ማን ይጠይቀው? ለሌላው መድከምና የራስን ችግር መናገር በክርስትና ሕይወት

ሆስፒታል የተኛ ዘመዱን ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ብርቱካኑንና የአጥሚቱን ፔርሙዝ ኮመዲኖው ላይ ያስቀምጣል፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ይላል፤ ስለ ምርመራው ውጤትና ስለ መድኃኒቱ ውድነት ትንሽ ያወራል፤ ሌላ ጠያቂ ሲገባ ቦታ ለቆ ይወጣል። ከአልጋው ግርጌ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ጋቢ ደርባ ሌሊቱን ስትቀመጥ ስትነሣ ያነጋችውን አስታማሚ «አንቺስ እህል ቀምሰሻል?» የሚላት ግን ከስንት አንድ ነው። ቢገኝም መልሷ የታወቀ ነው፦ «እኔ ምን እሆናለሁ፤ ብቻ እሱን ይማርልኝ።»

በዚህ መልስ ውስጥ ፍቅር አለ፤ ይሉኝታም አለ። ለክርስቲያን ደግሞ ነገሩ ከይሉኝታም ያልፋል። ራሱን እንዲክድ፣ መስቀሉን እንዲሸከም የታዘዘ ሰው «ደከመኝ» ቢል እምነቱ ጎደለ ማለት ነው? «እርዱኝ» ቢል የተሰጠውን ጸጋ አቃለለ ማለት ነው? በየአጥቢያው የሚሰሙት መልሶች ሁለት ናቸው። የቆየው መልስ፣ እንደ ሻማ ቀልጦ ለሌላው ማብራት የክርስቲያን ወግ ነው፣ ዋጋውም በሰማይ ይከፈላል ይላል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሥነ ልቦና መጻሕፍትና ከዩቲዩብ ስብከቶች ጋር የተስፋፋው ሁለተኛው ደግሞ፣ አስቀድመህ ራስህን ውደድ፣ ለሌላው የሚተርፈው ከዚያ በኋላ ነው ይላል።

የዚህ ዳሰሳ አቋም ከወዲሁ ይነገር። ሁለቱ መልሶች የሚቃረኑ ቢመስሉም አንድ ጉድለት ይጋራሉ፤ ሁለቱም ሰውየውን ለብቻው ያቆሙትና ያለውን አቅም ለራሱና ለሌላው እንዲያካፍል ያዙታል። መጽሐፍ ቅዱስም፣ አባቶችም፣ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም የሚያሳዩት ግን ሰጪ ብቻ ሆኖ የሚኖር ሰው አለመኖሩን ነው። ስለዚህ ከ«ለእኔ ስንት፣ ለሌላው ስንት» ክርክር በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ የሚሸከመው ሰው «ከበደኝ» የሚልበት ቦታና የሚሰማው ጆሮ አለው ወይ የሚለው ነው።

የደከሙ አገልጋዮች

ከኤልያስ እንጀምር። በቀርሜሎስ ተራራ በጸሎቱ እሳት የወረደለት ነቢይ፣ ኤልዛቤል ልትገድለው እንደዛተች ሲሰማ ሸሸ። ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባና ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም፤ ይህን ሁሉ ተአምር አይተህ እንዴት ተስፋ ትቆርጣለህ አላለውም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። ነቢዩ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀሰቀሰው፤ የሚጠብቀው መንገድ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ነግሮ ዳግመኛ አበላው። በኮሬብ ተራራ የእግዚአብሔርን ድምፅ የሰማው ከዚህ እንቅልፍና ከዚህ ምግብ በኋላ ነው። እዚያም ከተቀበላቸው ትእዛዛት አንዱ ኤልሳዕን እንዲቀባ ነበር። ብቻዬን ቀረሁ ላለ ሰው ረዳት ተሰጠው።

ሙሴም እንዲሁ ነው። ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት እጆቹ ሲዝሉ አሮንና ሖር ግራና ቀኝ ቆመው ደገፉለት። ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ ይህ አካሄድ አንተንም ሕዝቡንም ያደክማል ብሎ ሥራውን ለሌሎች እንዲያካፍል መከረው። ዮቶር የጠቀሰው የሙሴን ድካም ብቻ አይደለም፤ ተራ ሲጠብቅ የሚውለው ሕዝብም አብሮ እንደሚዝል አየ። «ያለ እኔ አይሆንም» የሚል አገልጋይ የሚጎዳው ራሱን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። በዘኍልቍ መጽሐፍ ደግሞ ሙሴ ራሱ ሸክሙ ከብዶት ሞትን እስከ መለመን ደርሷል፤ የመጣለት መልስ 70 ሽማግሌዎች ነበሩ።

ወደ ወንጌል ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል፤ እዚህ የምናየው ነቢይን ሳይሆን ጌታን ነውና። ኢየሱስ በሲካር ጕድጓድ አጠገብ ደክሞት ተቀምጦ፣ ወገኖቹ የማይተባበሯትን ሳምራዊት ውኃ ለመናት። ሉቃስ እንደጻፈው ዮሐና፣ ሶስናና ሌሎች ሴቶች በገንዘባቸው ያገለግሉት ነበር። በጌቴሴማኒ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ነጥሎ ነፍሱ እንዳዘነች ነገራቸው፤ ከእርሱ ጋር እንዲነቁም ጠየቃቸው። እነርሱ ግን ተኙ። ችግሩን የተናገረ ሁሉ የሚሰማው ያገኛል ማለት አይደለም፤ ይህንንም ወንጌሉ አልሸሸገም። ሆኖም ጌታ የሚያንቀላፉ ጓደኞች ናቸው ብሎ ከመጠየቅ አልተቆጠበም።

ማርቆስ በምዕራፍ 6 የጻፈው ደግሞ ለሁለቱም ወገን ክርክር መልስ አለው። ሐዋርያት ከስብከት ሲመለሱ የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዛት እህል እንኳ እንዳይቀምሱ አድርጓቸው ነበርና ጌታ ወደ ምድረ በዳ ወስዶ ሊያሳርፋቸው በታንኳ ተነሡ። ሕዝቡ ግን በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ጌታም አዘነላቸው፤ አስተማረ፤ 5,000 ወንዶችን መገበ። ታዲያ ዕረፍቱ ቀረ? ከምግቡ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን በታንኳ አስቀድሞ ሰደደ፤ ሕዝቡን አሰናበተ፤ እርሱም ሊጸልይ ወደ ተራራ ወጣ። ዕረፍት በችግረኛ ፊት የማይነቃነቅ ሕግ አይደለም፤ የችግረኛው ተራ ሲያልፍ ግን ቀርቶ አይቀርም።

ጳውሎስ ያለ ሰው እርዳታ በእጁ ሠርቶ በመኖሩ የሚመካ ሐዋርያ ነበር፤ ከቆሮንቶስ ሰዎች ገንዘብ አልተቀበለም። ከፊልጵስዩስ ሰዎች ግን በአፍሮዲጡ እጅ የላኩለትን ተቀብሎ በግልጽ አመሰገነ። በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት፣ ከክረምት በፊትም እንዲደርስለት ይለምናል። ብርድ የሚፈራ፣ ብቸኝነት የሚሰማው ሐዋርያ ነው። በሚሊጢን ለኤፌሶን ሽማግሌዎች ያደረገው ስንብት ደግሞ ብዙ ጊዜ በግማሹ ይጠቀሳል። ከመቀበል ይልቅ መስጠት ብፁዕ መሆኑን የተናገረው በዚያ ስንብት ነው፤ ይህን ሁሉም ሰባኪ ያውቀዋል። በዚያው ንግግር ውስጥ ቀደም ብሎ ስለ መንጋው ከማሳሰቡ አስቀድሞ ሽማግሌዎቹ ለራሳቸው እንዲጠነቀቁ ማሳሰቡ ግን እምብዛም አይነሣም። ራስ ሳይጠና ጉተና እንደሚባለው ነው።

ስለ መስጠት ሲሰበክ ሁሌ የሚጠቀሰው ደጉ ሳምራዊም በደንብ ሲነበብ የሚያስገርም ነገር አለው። የቆሰለውን ሰው አነሣ፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፤ በእንስሳው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፤ ሌሊቱን ጠበቀው። በማግሥቱ ግን 2 ዲናር ከፍሎ ለቤቱ ጠባቂ አደራ ሰጠና መንገዱን ቀጠለ፤ ስመለስ የተረፈውን እከፍላለሁ አለ። የምሕረት ምሳሌ ተደርጎ የተነገረው ሰው ሸክሙን ከሌላ ጋር ተካፍሎ፣ ጉዳዩን ሳይተው፣ ሥራውን ግን ሳያቋርጥ የሄደ ነው።

በአባቶች ዘንድ

የመነኮሳት ታሪክ ራስን የመርሳት ታሪክ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ታላቁ ባስልዮስ ይህን የሚያጠናክር ይመስላል፤ ብቻውን የሚኖር መናኝ የማንን እግር ያጥባል ብሎ የጠየቀ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን በቂሣርያ ለድኾችና ለሕሙማን ታላቅ መጠለያ ያቆመ አባት ነው። ያው ባስልዮስ ግን በደብዳቤዎቹ ሕመሙን ለወዳጆቹ ደጋግሞ ያወራል። ሆስፒታል የመሠረተው ሰው ራሱ በሽተኛ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀም።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የምድረ በዳ አባቶች ያዩት ነገር ነው። በ399 ያረፈው ኤቫግሪዮስ «የቀትር ጋኔን» ያለውን ፈተና ጽፎ ነበር፤ መነኩሴው ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል፣ በዓቱ ይጠበዋል፣ ወንድሞች ፍቅር ያጡ ይመስሉታል። ትምህርቱን ወደ ላቲን ዓለም ያሻገረው ዮሐንስ ካሲያን አንድ ረቂቅ ነገር አከለበት። ይህ ፈተና መነኩሴውን ወደ ኃጢአት ሳይሆን ወደ በጎ ሥራ ሊጠራው ይችላል፤ የታመመ ወንድም ሄደህ ጠይቅ፣ ዘመድ የሌላትን ያቺን ደግ ሴት ተንከባከብ ይለዋል። ሰው ከራሱ ለመሸሽ ሌላውን ሊረዳ ይችላል ማለት ነው። በየሰንበቴው፣ በየኮሚቴው፣ በየመዘምራኑ ስሙ የማይጠፋ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ከራሱ ጋር 10 ደቂቃ መቀመጥ የማይችለውን አገልጋይ ካሲያን ከ1,600 ዓመት ገደማ በፊት ያወቀው ይመስላል።

በሀገራችን ገዳማት ከመጽሐፈ መነኮሳት ሦስቱ ክፍሎች አንዱ ሆኖ የሚነበበው ማር ይስሐቅ ሌላ ምሳሌ ነው። በ7ኛው መቶ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ፤ ከ5 ወር በኋላ ሹመቱን ትቶ ወደ ብሕትውና ሕይወት ተመለሰ። ከአቅሜና ከጥሪዬ ውጭ ነው ብሎ መተው ታማኝነትም ሊሆን እንደሚችል ከእርሱ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ያን መንበር ተቀምጦበት ቢቀር ኖሮ መጻሕፍቱን ባላገኘናቸው ነበር።

በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በርናርዶስ ዘክሌርቮ በ12ኛው መቶ ዘመን ለቀድሞ ደቀ መዝሙሩ ለሮሙ ጳጳስ ለኤውጌንዮስ 3ኛ ምክር ጻፈ። ጳጳሱ ከጠዋት እስከ ማታ በሙግትና በአቤቱታ ተውጦ ነበር። የበርናርዶስ ምክር ባጭሩ ይህ ነው፦ የሁሉም ሰው አገልጋይ ከሆንህ አንተም ከሁሉም አንዱ ነህ፤ ሁሉ ከአንተ ሲካፈል አንተ ብቻ ለምን ድርሻ ታጣለህ? ከሁሉ በላይ ያስፈራውም በሥራ ብዛት ልብ መደንደኑ ነው። ልቡ የደነደነ ሰው ድካሙ ራሱ አይሰማውም፤ ለዚህም ነው አደገኛ የሚሆነው።

ራስን መውደድ ትእዛዝ ነው ወይስ መለኪያ?

ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው ትእዛዝ ለዘመናት አከራክሯል። አውግስጢኖስ ሰው ራሱን ለመውደድ ትእዛዝ አያስፈልገውም ባይ ነው፤ የሚያስፈልገው ራሱን በትክክል መውደድን መማር ነው። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ፍቅርን በቅደም ተከተል አስቀመጠ፦ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ሰው የገዛ ነፍሱን መዳን ከባልንጀራው ያስቀድማል፤ ባልንጀራውን ለመጥቀም ብሎ ኃጢአት ሊሠራ አይገባምና። ነገር ግን የባልንጀራውን ነፍስ ከገዛ ሥጋው ምቾት ያስበልጣል። ይህ አከፋፈል ለዛሬም ይጠቅማል፤ እንቅልፍን ለታመመ መሠዋት ሌላ፣ ነፍስን እስከ ማምረር ደርሶ «አገልግሎት ነው» ማለት ሌላ ነው።

የስዊድኑ ሉተራዊ አንደሽ ኒግሬን በ1930ና በ1936 (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ዝነኛ ሥራ መስመሩን ወደ ሌላኛው ጫፍ ገፋው። የክርስቲያን ፍቅር ምንም የማይፈልግ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ነው፤ ራስን መውደድ በውስጡ ቦታ የለውም አለ። በ1960 አሜሪካዊቷ ቫለሪ ሴቪንግ በአንድ ጽሑፍ ለዚህ አስተሳሰብ ያልተጠበቀ ጥያቄ አመጣች። ሥነ መለኮትን የጻፉት ወንዶች ስለሆኑ ዋናውን ኃጢአት ትዕቢት አደረጉት፣ መድኃኒቱንም ራስን መካድ፤ ለብዙ ሴት ግን ፈተናው ትዕቢት ሳይሆን በሌሎች ፍላጎት ውስጥ ጠፍቶ መቅረት ነው ስትል ሞገተች። ለዚህች ሴት «ራስሽን ካጂ» ማለት በሽታዋን መድኃኒት ብሎ መስጠት ነው። በ1972 ጂን አውትካ ፍቅርን ለሁሉም እኩል ክብር መስጠት አድርጎ ሲተነትን፣ ራስም ከዚያ «ሁሉ» ውስጥ እንደሚቈጠር አሳየ። ከእርሱ 800 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በርናርዶስ ለጳጳሱ የመከረውም ከዚህ የራቀ አይደለም።

የሴቪንግ ጥያቄ እኛ ቤት ሩቅ አይደለም። ታናናሾቿን ለማስተማር ትምህርቷን ያቋረጠች የበኵር ልጅ፣ ከባሏ እናት አልጋ ሥር የማትጠፋ ምራት፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት እየሠራች ደመወዟን ለቤተሰብ የምትልክ እህት እንዲህ ያለ ሕይወት የሚያውቁ ናቸው። ይቺ እህት በስልክ «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ከወዲያ ያለው ወገን የሚሰማው ይህንኑ ነው፤ ቀጥሎም የወንድሟ የሠርግ ወጪ ይነሣል። ስብከቱ ራስን መካድን ሲያወድስ ማንን እያወደሰ እንደሆነ፣ ማንንስ ዝም እያሰኘ እንደሆነ ማጤን ያስፈልገዋል።

ይህ ሲባል ግን መስቀሉ ይቅር ማለት አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ጌታ ነፍሱን ራሱ በፈቃዱ እንደሚያኖራት፣ ማንም እንደማይወስድበት ይናገራል። መሥዋዕት የሚሆነው የተሰጠ ነገር ነው፤ የተወሰደ ነገር ዝርፊያ ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ለንግሥ ሲሄዱ በረሀብ ከሞተች እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃን አንሥተው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ቤተሰብ ተቃወማቸው፤ እርሳቸው ልጆቹን መረጡ፤ ትዳራቸውንና ቤታቸውን አጡ። «መጀመሪያ ራስህን ውደድ» የሚለው ምክር ይህን የመሰለውን ሕይወት ሊያስረዳ አይችልም። ነገር ግን ከዚያች መንገድ የተነሣው ሥራ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2021 እና ከዚያም በኋላ የቀጠለው ማኅበር ሆኖ፣ ሠራተኛና ረዳት አግኝቶ ነው። ምርጫው የአንድ ሰው ነበር፤ ሸክሙ ግን የአንድ ሰው ሆኖ አልቀረም።

የዘመኑ ስም፣ የዘመኑ ምስክሮች

ሳይንሱ ወደዚህ ጉዳይ የገባው በራሱ ድካም ነው ማለት ይቻላል። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የኒው ዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ ቀን በራሱ ክሊኒክ እየሠራ ማታ ድኾች በነፃ በሚታከሙበት ያገለግል ነበር። እርሱም ባልደረቦቹም ሲዝሉ፣ ሲነጫነጩ፣ ለሚያክሟቸው ሰዎች ስሜት ሲያጡ አየ፤ በ1974 ስለዚህ መዛል ጻፈ። ክርስቲና ማስላክ ከዚያ በኋላ ባደረገቻቸው ጥናቶች ሦስት ምልክቶች ለየች፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሚረዱት ሰው በስሜት መራቅ፣ ሥራዬ ዋጋ የለውም ማለት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ በምደባው ውስጥ ሲያስገባ በሽታ አላለውም። ማስላክም ችግሩ በአብዛኛው የሚመነጨው ከሥራው አኳኋን፣ ከጫናው መብዛት፣ ከፍትሕና ከባልደረባ መጥፋት እንጂ ከሠራተኛው ድክመት አይደለም ትላለች። ዮቶርም ያየው ይህንኑ ነው፤ ሙሴን ታገሥ አላለውም፣ አሠራሩን አስለወጠው።

በ20ኛው መቶ ዘመን ከታወቁት አገልጋዮች አንዳንዶቹ ጉዳዩን በሕይወታቸው አሳይተውናል። እናት ቴሬዛ በ1950 በካልካታ የመሠረቱት ማኅበር አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተሞች የተጣሉትን ያነሣል። ባረፉ በ10ኛው ዓመት፣ በ2007፣ ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ ዓለም የደነገጠው እኚያ ሁሌ ፈገግ የሚሉ እናት ለዐሥርተ ዓመታት በመንፈስ ጨለማ ውስጥ መኖራቸውን ሲያነብ ነው። ብዙ የተባለው ስለ ጨለማው ነው፤ ደብዳቤዎቹ ለማን እንደተጻፉ ግን ትኩረት አላገኘም። የተጻፉት ለንስሐ አባቶቻቸውና ለአለቆቻቸው ነው። ለሕዝብ አላወሩም፤ ለሚመለከተው ግን ሸሽገው አያውቁም።

ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈር ጌስታፖ በ1937 የዘጋውን የፊንከንቫልደ ሴሚናሪ ካጣ በኋላ ስለ ማኅበር ሕይወት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከኃጢአቱ ጋር ብቻውን የቀረ ሰው ፍጹም ብቸኛ ነው፣ ክርስቲያን የእግዚአብሔርን ቃል የሚነግረው ሌላ ክርስቲያን ያስፈልገዋል ሲል ጻፈ። በ1944 በቴገል እስር ቤት ሳለ ደግሞ ሰዎች የሚያዩት የተረጋጋ ሰውና በውስጡ የሚያውቀው የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዴት አንድ እንደሚሆኑ በግጥም ጠየቀ፤ ግጥሙንም ለወዳጁ ላከው።

ሆላንዳዊው ካህን ሄንሪ ናውዌን በ1972 የቆሰለ ፈዋሽ የሚለውን ሐሳብ በመጽሐፍ አስተዋወቀ፤ አገልጋይ ከቁስሉ ተነሥቶ ሌላውን ሊረዳ ይችላል አለ። በ1986 የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ጋር ለመኖር ቶሮንቶ አጠገብ ወደሚገኘው የላርሽ ማኅበር ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ራሱ ተሰብሮ ለወራት ከሥራ ርቆ ሕክምና አስፈለገው። መጽሐፉን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ትርጕሙን በሥጋው የተማረው።

ይህ ሐሳብ ግን ወሰን አለው። የላርሽ መሥራች ዣን ቫኒየ ካረፈ በኋላ ማኅበሩ ራሱ ያስጠናው ምርመራ በ2020 ሲወጣ፣ መንፈሳዊ ምክር ፍለጋ ወደ እርሱ የቀረቡ ሴቶችን ማጥቃቱ ታወቀ። የአገልጋይ ፍላጎት መነገር አለበት ሲባል በሚረዳቸው ሰዎች ላይ ይጫን ማለት አይደለም። እረኛ ጉድለቱን የሚናገረው ለበጉ ሳይሆን ሊጠይቀው፣ ሊገሥጸው፣ ሊያስቆመውም ለሚችል ነው። የማይጠየቅ ቅዱስ ለሌላውም ለራሱም አደጋ ነው።

እኛ ዘንድ ያለው መሣሪያ

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያናት ለዚህ ጉዳይ መድኃኒት ከውጭ ማስመጣት አያስፈልጋቸውም፤ ያላቸውን በሚገባ መጠቀም ይበቃቸዋል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ምእመኑ ብቻ ሳይሆን ካህኑም የንስሐ አባት አለው፤ ሰሚውም ሰሚ አለው ማለት ነው። ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ የሆነው ምስጢረ ቀንዲል የተመሠረተው በያዕቆብ መልእክት ላይ ነው፤ እዚያም የታመመው ሰው ራሱ የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ተብሏል። ጸሎቱና ቅባቱ የሚጀምረው በበሽተኛው ጥሪ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ብሂላችን እዚህ ሥርዓት ሆኗል። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝ ሕመም ያደከመውን ነጻ ያወጣል፤ በሽተኛው ግን መጾም አልቻልኩም ብሎ ለአባቱ መናገር ይጠበቅበታል። ብዙ እናቶች የስኳር ሕመማቸውን ደብቀው ሲጾሙ የሚጎዱት ቀኖናው ስለ ጨከነ ሳይሆን መናገሩን ስለ ፈሩ ነው።

በጸሎተ ሐሙስ ጳጳሱ ወይም ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲውን ኪሱ ከትቶ ተራውን ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስ ማንም ዘና አይልም፣ ብዙው ያፍራል፣ የወይራው ቅጠል ሲነካው እግሩን የሚሰበስብም አለ። ጴጥሮስም አልታጠብም ብሎ ነበር። መልሱ ከባድ ነው፤ ካልታጠበ ከጌታው ጋር ዕድል እንደሌለው ተነገረው። ሌላውን ማጠብ የታዘዘው ከታጠበ በኋላ ነው።

የጽዋ ማኅበርም እንዲሁ የተራ ሥርዓት ነው። በወር አንድ ቀን፣ በሚካኤል ቢሆን በ12፣ በማርያም ቢሆን በ21፣ ባለ ተራው ድፎውን ደፍቶ ጠላውን ጠምቆ ይጠብቃል፤ ካህኑ ይጸልያል፤ ማብቂያው ላይ ጽዋው ለቀጣዩ ይተላለፋል። ሁልጊዜ አስተናጋጅ የሆነ የለም፤ ሁልጊዜ እንግዳ የሆነም የለም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። እድር ደግሞ በሐዘን ጊዜ ወደር የለውም፤ ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይመጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ያ ሁሉ ጉልበት የሚነሣው ግን ሞት ሲነገር ነው። ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ያለች እናቱን ሲያስታምም ሥራውን ያጣ እድርተኛ ጥሩምባ አይነፋለትም፤ እናቱ ስታርፍ ግን መላው ሰፈር ይደርስለታል። አስታማሚን በሳምንት አንድ ቀን በተራ የሚተካ እድር ወይም ማኅበር ቢኖር አዲስ ነገር ሳይሆን ያለውን ሥርዓት ለሕያዋን ማዋል ነው።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ምስክርነት የሚሰማው ድል ሲገኝ ነው፤ «ታምሜ ነበር፣ ጌታ ፈወሰኝ» የሚል መድረክ ይሰጠዋል፤ «ታምሜአለሁ፣ ገና አልዳንኩም» ለሚለው ግን ሰዓቱ ጠባብ ነው። የመጋቢ ሚስት የምታለቅሰው ደጅ ዘግታ ነው። ከዚሁ ወገን የተገኘ አንድ ታላቅ ሰነድ ግን አቅጣጫ ያሳያል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊነት ዘመን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ ወንጌልንና ልማትን መነጣጠል ሰውን መክፈል ነው አለች። ለጋሾች ለልማት በቀላሉ፣ ለወንጌል ሥራ ግን በጭንቅ መስጠታቸውን አንሥታ የጎደላትን በግልጽ ተናገረች፤ በዚያው ደብዳቤም የምዕራቡ ክርስትና ስለ ሙሉ ሰው ያለው አስተሳሰብ መጉደሉን አመለከተች። የምትቀበል ቤተ ክርስቲያን እየጠየቀች አስተማረች። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ኢየሩሳሌም ድኾች ሲጽፍ ያለው ይህን ነው፤ ዛሬ የእናንተ ትርፍ ለእነርሱ ጉድለት፣ ነገ የእነርሱ ትርፍ ለእናንተ ጉድለት ይሆናል።

ታዲያ ምን እንበል?

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር መያዝ ይቻላል። አንደኛ፣ ድካምን መናገር የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ኤልያስም፣ ሙሴም፣ ጳውሎስም ተናግረዋል፤ ጌታም ተናግሯል። ሁለተኛ፣ የሚነገርበት ቦታ ይመረጣል፤ ለንስሐ አባት፣ ለታመነ ወንድም ወይም እህት፣ ለሐኪም፣ ሊጠይቅና ሊያርም ለሚችል ሰው እንጂ ለሚረዱት ደካማ ወይም ለአደባባይ አይደለም። ሦስተኛ፣ መናገሩ የግለሰቡ ድርሻ ቢሆንም መስማቱ የጉባኤው ድርሻ ነው፤ መስማትም ማለት ራስ መነቅነቅ ሳይሆን ተራ ማውጣት፣ መተካት፣ ሥራ ማቃለል ነው።

«አስቀድመህ ራስህን ውደድ» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ነው የሚጎድለው። የደከመችውን ሴት ዕረፊ ሲላት የምታስታምመውን ማን እንደሚጠብቅላት አይነግራትም። ሻማ ሁኚ የሚላትም አይነግራትም። ሁለቱም ሸክሙን እርሷ ላይ ትተው አንዱ ጣዪው፣ አንዱ ተሸከሚው ይላታል። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ካለ በኋላ ጥቂት ዝቅ ብሎ እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም ይሸከማል ማለቱ ተቃራኒ የመሰላቸው አሉ። ነገሩ የሚገጥመው ጉባኤ ሲኖር ነው፤ የራሴን ሥራ እኔ እሠራለሁ፣ ከአቅሜ ያለፈውን እናንተ ታነሣላችሁ፣ ከአቅማችሁ ያለፈውን እኔ አነሣለሁ።

ስለዚህ አንድን አጥቢያ ለመመዘን የሚረዳ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁልጊዜ የምታገለግለው ሴት፣ ሁልጊዜ የሚሰብከው ሰው፣ ሁልጊዜ የሚያዋጣው አባወራ በሚቀጥለው እሑድ «አልቻልኩም» ቢል ምን ይገጥመዋል? ወሬና ግምት ከሆነ የሚጠብቀው፣ በዚያ አጥቢያ ስለ ፍቅር የሚሰበከው ገና ግማሹ ነው። ሰው ልከው «ምን እናግዝህ?» ካሉት ግን፣ ያ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሌላውን ሲረዳ የሚሰጠው የተቀበለውን ነው።